ዘይነባ የቀረችበት መንገድ

መጀመሪያ በደሉ ይመዝገብልኝ። የመንገዱን ወሬ ከዚያ በኋላ አወራለሁ።

ጎረቤቴ ዘይነባ በደርግ ጊዜ ከቀበሌያችን ለቡና ለቀማ ዘመቻ ከተላኩት ሠላሳ አንድ ሰዎች አንዷ ነበረች። ከደዶ በታች ባለው ቁልቁለት የአንድ እግር ጫማዋ ተበጥሶ ወደ ኋላ ስትቀር ማንም ዞሮ አላያትም። ተጣራች፤ የሰማት የለም። ከጅማ በወጣች በአምስተኛው ቀን እግሯ አብጦ፣ በዱላ እየተደገፈች ብቻዋን ቤቷ ገባች። ከሳምንት በኋላ ከለቀማው ሰፈር ለቀበሌው የመጣው ደብዳቤ ግን እንዲህ ይላል፤ «ዘማች ዘይነባ ሰፈሩ በደረስን ዕለት ሌሊት ኮብልላለች።» ያልደረሰችበትን ሰፈር ጥላ ኮበለለች ማለት ነው።

ነገሩ በስም መጉደፍ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። በዚያን ጊዜ ከከተማ የሚወጣ ሰው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። የዘይነባ አንድ ልጇ ሶፊያ አጋሮ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። እናቷ ልትሄድላት ይለፍ ብትጠይቅ «ለኮብላይ አይሰጥም» አሏት። እያለቀሰች መጣች። ነጠላዬን አንስቼ ቀበሌ ሄድኩ።

«ደብዳቤው ተሳስቷል» አልኩት ሊቀመንበሩን።

«የጻፈው የቡድን መሪው ነው እማማ። እሱ በፊርማው ካላረመው እኔ አላርመውም።»

«እሱ የት ነው?»

«ጫካ ነዋ። ለቀማው ገና አንድ ወር ይቀረዋል።»

«አንድ ወር ሙሉ ሶፊያ ምጧን ይዛ ትጠብቅ?»

ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። «ወደ ለቀማው ልመለስ ብትልስ፣ ወረቀት ትሰጣታለህ?» አልኩት።

«እሱማ ግዴታዋ ነው፤ እንሰጣለን።»

«እንግዲያው ጻፍላት። ለእኔም ጨምር፤ አድርሻት እመለሳለሁ።»

ወደ አጋሮ የሚወስደውን ወረቀት ለማግኘት በተቃራኒው ወደ ደዶ ሄድን። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበርና በየማታው በደብተሬ ጻፍኩ። አሁን ገልብጬ የማወጣው የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ድንኳን ተሸክመው ጫካ እያደሩ መምጣት ስለጀመሩ ነው። ሻንጣቸውን አየሁት። ምክር ያስፈልጋቸዋል።

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሄርማታ

ሱብሂ ሰግደን ወጣን። የሄርማታ ገበያ ሱቆች ሁሉ ዝግ ናቸው። ዳቦ ቤቱ ብቻ ይጨሳል። ከበቾ ቦሬ ሰፈር በኩል አባ ዲጋ ሁለት በቅሎዎቹን እየነዳ መጣ። ለለቀማው ሰፈር ጨውና ብርድ ልብስ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ከሟቹ ባለቤቴ ጋር አብሮ ያደገ ስለሆነ አንቺ ይለኛል፣ ለአክብሮት ግን በኦሮምኛ «አዴ» ይጨምርበታል፤ እኔም አንተ እለዋለሁ።

ጀርባዬን ዞሮ አየውና ሳቀ። አሮጌ የቡና ኬሻ ላይ ሁለት ሰፋፊ የጨርቅ ማንገቻ ሰፍቼ አዝዬዋለሁ።

«አዴ ሐዋ፣ ራስሽን ቡና አደረግሽ እንዴ?»

«ኤክስፖርት ነኝ። አንተ በቅሎህን ንዳ፣ ላንተ አልሸጥም።»

ማንገቻው ሰፊ ይሁን። ገመድ ትከሻ ይቆርጣል። ከታች ጋቢዬን አጥፌ አደረግሁ፤ ቀላል ነው፣ ወገብም ላይ ይለሰልሳል። ከባዱን፣ ማለትም በሶውን፣ ጭኮውንና የውሃውን ጀሪካን ከጀርባዬ አስጠግቼ መሃል ላይ አስቀመጥኩ። ከባድ ነገር ወደ ውጭ ከራቀ ሰውየውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ዳገት ላይ እንደ ሰከረ ያንገዳግደዋል። ለዝናብ የምንከናነበው ሰፊ ላስቲክ ከሁሉም በላይ ነው። ዝናብ ዕቃ እስክትፈቱ አይጠብቅም። ክብሪት በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ውስጥ። ጨው፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ቢላዋ፣ መርፌና ክር። ሌላ የለም። ዘይነባ አንድ ድስት ልታመጣ ነበር። «ድግስ አለብን?» ብዬ አስመለስኳት።

ስለ እግር ደግሞ ስሙኝ። ለረጅም መንገድ አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው ቁስል ይገዛል። ጫማው ቀድሞ በቤትና በገበያ ይለመድ። ጠዋት ጣቶቼን መሃል ለመሃል ቅቤ ቀባኋቸው፤ ካልሲ ደረብኩ። ቆዳው መቅላት ሲጀምር እዚያው ቁጭ ብሎ በጨርቅ መጠቅለል ነው እንጂ «ትንሽ ልሂድና» ማለት የለም። የዘይነባ ችግር በዚያች ትንሽ ልሂድና ነው የጀመረው።

ከከተማው ስንወጣ አባ ዲጋ በዱላው ምልክት ሰጠ። «ዘይነባ ከፊት።»

«እኔ? ገና አላገገምኩም፣ አስቀራችኋለሁ አባ ዲጋ!»

«ለዚሁ ነው። አባቴ የሲራራ ነጋዴ ነበር። ያነከሰችውን በቅሎ ከፊት ያስቀድማት ነበር።»

«በቅሎ አደረጉኝ?»

«በቅሎስ ጫማ አይበጠስባትም።»

ዘይነባ ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከፊት ሆነች፣ እኛም በእሷ እግር ሄድን። በመንገድ ላይ ፍትሕ የሚባለው ይህ ነው። ዘገምተኛው ከፊት ሲሆን ጎበዙ ትንሽ ይሰለቻል እንጂ ማንም አይጠፋም። ጎበዙ ከፊት ሲሆን ግን እሱ አረፍ ብሎ ይጠብቃል፣ ደካማው ሲደርስ እሱ ይነሳል። ያረፈው ደግሞ ያርፋል፣ የደከመው እንደደከመ ይቀጥላል። ይህን ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልግም።

ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ የደዶ ዳገት

መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ግራና ቀኙ የበቆሎ አገዳ፣ እንሰት፣ የባህር ዛፍ አጥር። አንድ የጭነት መኪና ብቻ አልፎን ወረደ፤ ላዩ ላይ ሰዎች ተሳፍረው ነጠላቸው ይውለበለባል። ቤንዚን በራሽን ነበርና ሁለተኛ አላየንም። መንገድ ዳር የተቀመጠች ሴት አምስት ሙዝ በአሥር ሳንቲም ሸጠችልን። ስድስተኛ ልትመርቅልን ስትል እምቢ አልኩ፤ ልጆች ከኋላዋ ተኮልኩለው ነበር።

እረፍታችን አጭር ነው። አባ ዲጋ ላቡ ሳይደርቅ ይነሳል። «ሱታ፣ ሱታ» ይላል። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው፤ ለበቅሎዎቹም ለእኛም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ውሃ ሳይጠማን እንጎነጫለን። ከምንጭ ካልሆነ ከወንዝ ጥሬ ውሃ አልጠጣም፤ ከብት ከላይ ይጠጣል፣ ሰው ከላይ ያጥባል።

በዘጠኝ ሰዓት ዝናብ መጣ። በኅዳር! ላስቲኩን መዝዤ ሁለታችን ተከናነብን። አባ ዲጋ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ አደረገ።

«ጥላህ ያምራል» አልኩት።

«የአንቺ ከሱቅ ነው፣ የኔ ከአላህ» አለኝ።

ደዶ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ብርዱ ከጅማ ብርድ ሌላ ነው፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አንድ ገበሬ በግቢው አጥር ሥር እንድናድር ፈቀደልን። ሳያስፈቅዱ በሰው መሬት ማረፍ ሌብነት ነው፤ ድንኳን ይዛችሁም ቢሆን ጠይቁ።

ዘይነባ ሣሩ የለመለመበትን ጎድጓዳ ቦታ አየችና «እዚህ እንደ ፍራሽ ነው» ብላ ሸክሟን ልትጥል ነበር።

«ሣሩ ለምን የለመለመ ይመስልሻል?» አልኳት። ከፍ ወዳለው፣ ትንሽ ዘንበል ወዳለው ቦታ ሄድን። ከአሮጌው ዛፍም ራቅን፤ የደረቀ ቅርንጫፍ የሚወድቅበትን ሰዓት ለማንም አይነግርም። የጉንዳን መስመር እንዳለ መሬቱን ጎንበስ ብለን አየን። ላስቲኩን በገመድ ወጠርን፣ በላይኛው በኩል ውሃ የሚያልፍበት ቦይ በዱላ ጫርን፣ ከታች ቅጠል አነጠፍን። ጭኮ በላን። ጭኮ ማለት የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ አንድ ጭብጥ ተራራ ያስወጣል።

ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ ከደዶ በታች

ስንነሳ ዘይነባ የመረጠችው ጎድጓዳ ቦታ ኩሬ ሆኗል። አንዲት ዳክዬ ብቻ ትጎድለዋለች። ዘይነባ አይታ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከዚያ በኋላ የመኝታ ቦታ ስመርጥ አልተከራከረችኝም።

ከደዶ በኋላ መንገዱ ወደ ታች ይወድቃል። ሰው ዳገት ይፈራል፤ ጉልበት የሚበላው ግን ቁልቁለት ነው። እርምጃ ይጠር፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ እንደ እባብ ግራና ቀኝ እያሉ ይወረድ። ዱላ ከፊት ይቀድም። የጫማ ማሰሪያ ከመውረድ በፊት ይጥበቅ፣ አለዚያ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ይውላል።

እኩለ ቀን ሳይሆን ዘይነባ ቆመች። አንድ ጥቁር ድንጋይ አሳየችን።

«እዚህ ነው ጫማዬ የተበጠሰው። ቁጭ ብዬ በሣር ላስረው ስሞክር ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። ጭጋግ ነበር። ‹ጠብቁኝ› ብዬ ጮኽኩ። ዘፈን እየዘፈኑ ነበር፣ አልሰሙኝም።»

አባ ዲጋ ፊቱን አዞረ። የበቅሎዋን ጭነት ያልላላውን አጠበቀ። 

«ያን ቀን እኔም ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «በቅሎዎቼን ይዤ ከፊት ነበርኩ።»

«አንተ? ዘገምተኛ ከፊት የምትለው?»

«ማን ጠየቀኝ? ደዶ ላይ ያ ልጅ፣ መሪው፣ ‹ሰዉ ቀለል ብሎት ይፍጠን› ብሎ የሁሉንም የለቀማ ቅርጫት ሰብስቦ በበቅሎዎቼ ጫነው። ‹ሽማግሌ፣ አንተ ቅርጫቱን አድርስ› አለኝ። አደረስኩ።»

«የእኔስ ቅርጫት?» አለች ዘይነባ።

«አንቺ እጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰርሽበት አይደል? አውርጄዋለሁ። ከሌሎቹ ጋር በረድፍ ደረደርኩት።»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰዉ ተበታትኖ በጭጋጉ ውስጥ እየመጣ እየተንጠባጠበ ገባ። መሸ። ልጁ ቅርጫቱን በዱላ እየነካ ቆጠረ። ‹ሠላሳ አንድ። ሙሉ ነን› አለ። ሰው ሁሉ ደክሞት ነበር፣ ተኛ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ቅርጫቷ ደረሰ፣ እሷ አልደረሰችም። ጠዋት ቅርጫት ሲታደል አንዱ ባለቤት አጣ፤ ማታ ሙሉ ነበርን፣ ጠዋት አንድ ጎደለ፣ ስለዚህ በሌሊት ኮበለለች። ልጁ ክፉ አስቦ የጻፈ መስሎኝ ለቀናት ስቃጠል ነበር። ውሸታም አልነበረም። ቅርጫት የቆጠረ ሰው ነበር። አልደብቅም፣ ደረቴ ቀለል አለኝ። ከክፉ ሰው ይልቅ ከተሳሳተ ሰው ጋር መሟገት ይሻላል።

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም?» አልኩት አባ ዲጋን።

«ኮበለለች ሲባል እኔም አመንኩ። ቅርጫቷን በእጄ አውርጄ! ወላሂ፣ አፈርኩ አዴ።»

«ማፈርህን ሰፈሩ ስንደርስ ጮክ ብለህ ትደግመዋለህ።»

«እደግመዋለሁ።»

ማክሰኞ፣ ማታ ሳይመሽ፣ የከዲጃ ቤት

ዘይነባ ያን ቀን የተጠለለችበት ቤት ከመንገዱ ወረድ ብሎ በማሽላ መሃል ነው። የቤቱ ባለቤት ከዲጃ የምትባል መበለት ናት፤ ማሽላዋን ከጦጣ ለመጠበቅ ማማ ላይ ቁጭ ብላ ወንጭፍ ታጮኻለች። ከላይ ሆና አየችን።

«አንቺ! እግርሽ ዳነ?» ብላ በኦሮምኛ ጮኸች። ከማማው ስትወርድ አርባ ዓመት የቀነሰች ትመስል ነበር።

ተሳሳሙ። የዘይነባን እግር ይዛ አገላብጣ አየች። «በጥብጬ የቀባሁት ቅጠል ሠርቷል» አለች በኩራት።

እኔ ቸኩዬ ነበር። «ከዲጃ፣ በየትኛው ቀን ነው የመጣችብሽ?» አልኳት።

«የደዶ ገበያ ቀን። እኔ ከገበያ ተመልሼ ጨው እያወረድኩ ነበር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ። ሁለት ሌሊት እኔ ዘንድ አደረች። ሊነጋ ሲል ጨው ነጋዴዎቹ በአህያ ጭነው ወደ ደዶ ወሰዷት። ምነው?»

«ያን ሌሊት ከለቀማ ሰፈር ኮበለለች ብለው ጻፉ።»

ከዲጃ ወደ ዘይነባ እግር ዞረች። «በየትኛው እግሯ?» አለች።

መጥታ እንድትመሰክር ጠየቅኳት። ወደ ማሽላዋ አየች። «አንድ ቀን ብሄድ ጦጣው አንድ ዘለላ አያስቀርልኝም። ሰውየውን ወደዚህ አምጡት፣ እነግረዋለሁ። ወይም አባ ዲጋ ሰምቷል፣ ወንድ ነው፣ ይናገር።»

«ሰምቻለሁ» አለ አባ ዲጋ።

ከቤቷ እንድናድር ብትለምነንም በረንዳዋ ላይ ላስቲካችንን ወጥረን አደርን፤ እግራችን ጭቃ ነበር። ማታ ለዘይነባ እግር ውሃ አሞቀችላት። እንደዚህ ያለ ሰው ባለበት መንገድ ላይ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው አብሮት የሚሄደው ሰው ሲረሳው ነው።

ረቡዕ፣ ወንዙና ጫካው

ወንዝ ስትሻገሩ የጀርባችሁን ማንገቻ አላሉት፤ ብትወድቁ ሸክሙ ይሂድ፣ እናንተ ቅሩ። ፊታችሁን ወደሚመጣው ውሃ አዙሩ፣ ዱላውን ከፊት ትከሉ፣ አንድ እግር ሳይቆም ሌላው አይነሳ። ጫማ አታውልቁ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ማዶ ሲደረስ ሰው ይቆጠር። በእያንዳንዱ ወንዝ ማዶ። አባ ዲጋ ሦስታችንን ቆጠረን፤ ከዚያ በቅሎዎቹን ጨምሮ «አምስት» አለ።

ጫካው ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው ቀልቷል። ጉሬዛዎች ከላይ እየዘለሉ ቅጠል ያራግፋሉ። አልቅት እግራችን ላይ ወጣ፤ ጨው ነካ ሲደረግበት ይወድቃል፣ በጥፍር አትጎትቱት። እሳት ስታነዱ ደግሞ በድንጋይ ላይ እንጂ በሥር ላይ አታንዱ፤ ሥር ውስጥ ውስጡን ይቃጠልና እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ዛፉን ይጥለዋል።

በዘጠኝ ሰዓት ሰፈሩ ደረስን። ድንኳኖቹን ሳይ ወይ ጉድ አልኩ። የወንዙ ዳር ረባዳ ላይ ተተክለዋል። በሰኞው ዝናብ ብርድ ልብሱ ሁሉ ረጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ለቃሚዎቹ ጫካ ናቸው። መሪው ጓድ ሰለሞን የመዝገብ ደብተሩን ይዞ ከድንኳን ወጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማው ፊቱ ተከፍቶ ጣቱ ይታያል። ዘይነባን ሲያያት ደነገጠ።

«ተመለስሽ?»

«አልኮበለልኩም ብላ ነው የመጣችው» አልኩት። ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከዲጃን ነገርኩት። አባ ዲጋም ቃሉን ጠብቆ ቅርጫቱን ነገረው።

ጓድ ሰለሞን ደብተሩን ገለጠ። «እማማ፣ የተጻፈ ነገር ነው። በዚያ ምሽት ሠላሳ አንድ ነበርን። እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ።»

«ምን ቆጠርክ?»

«ሰው!»

«ልጄ፣ ዛሬ ማታም ትቆጥራለህ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው አንድ ጣሳ ውሃ ስጠኝና ልቀመጥ» አልኩት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ለቃሚዎቹ ተመለሱ። እጃቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው ጎብጧል። ዘይነባን ሲያዩ ዙሪያዋን ከበቧት፤ ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አለቀሰ። ቡናቸውን አስመዝነው ባዶ ቅርጫታቸውን በረድፍ ደረደሩ። ደስታ የምትባለውን የሰፈራችንን ልጅ ጠራሁና «እግርሽ በጭቃ ተለስኗል፣ ወንዝ ውረጂና ታጠቢ። አትቸኩዪ» አልኳት። ሄደች።

ጓድ ሰለሞን በዱላው ቅርጫቶቹን እየነካካ መጣ። «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።» ደብተሩ ላይ ጻፈ። «ሠላሳ። ሙሉ ነን።»

«ሙሉ ናችሁ?» አልኩት።

«ሙሉ ነን እማማ።»

«እስቲ አሁን ራስ ራሱን ቁጠር። ዘይነባን ተው፣ እኔን ተው፣ አባ ዲጋን ተው።»

ትንሽ ፈገግ ብሎ ጀመረ። ሃያ ዘጠኝ ላይ ሰው አለቀበት። ደግሞ ጀመረ። ሃያ ዘጠኝ። ዙሪያውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከወንዙ በኩል ደስታ እግሯ እየተንጠባጠበ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። «ምነው? ምን ሆናችኋል?» አለች።  ሠላሳ ሰው መሪውን ያያል።

አልሳቅሁበትም። የሚሳቅበት አልነበረም፤ ልጁ ሰው ጥሎ እንደሄደ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዘይነባ ጭጋግ ውስጥ ልትሞት ትችል ነበር። ይህን ማሰቡ ከፊቱ ይነበባል።

ረቡዕ፣ ከእራት በፊት

በሰፈሩ ልማድ ረቡዕ ረቡዕ ሂስና ግለሂስ ይደረጋል። ሁሉም በክብ ተቀምጦ ጥፋቱን ይናገራል። ብዙ ጊዜ ማን ዘግይቶ ተነሳ፣ ማን ያልቀላ ቡና ለቀመ እየተባለ እንደሚያልፍ ደስታ ነገረችኝ። እኔ ዘማች አይደለሁም፣ ግን እጄን አነሳሁ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «የምጠይቀው ለቅጣት አይደለም። የሚቀጣ አያስፈልገኝም። ይህች ሴት ከእናንተ ሸሸች ወይስ እናንተ ከእሷ ሸሻችሁ? በሰው ሁሉ ፊት ይነገረኝ፣ ይጻፍልኝ። ነገ ወደ ጅማ እንመለሳለን፣ ልጇ ልትወልድ ነው።»

 ከኋላ አንድ ሽማግሌ ለቃሚ «እኔ ዘፈኑን አወጣ የነበርኩት ነኝ። ዞሬ አላየሁም» አለ። አንዲት ሴት «እኔ ከጎኗ እሄድ ነበር፣ ደክሞኝ ቀደምኳት» አለች። አባ ዲጋ የቅርጫቱን ነገር ደግሞ ተናገረ፤ የከዲጃን ቃልም ጨመረበት። ዘይነባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

ጓድ ሰለሞን የመጨረሻው ነበር። አንድ ወረቀት ይዞ ተነሣ።

የሆነውን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል። በነጋታው ድንኳኖቹን ከረባዳው አስነሥቼ ከፍ ወዳለው አስተከልኩ፤ ቦዩንም ራሱ ጓድ ሰለሞን ቆፈረ። አለመኮብለሏንና በእግሯ ሕመም መለቀቋን ጽፎ የፈረመበትን ደብዳቤ ይዘን ስንመለስ ዘይነባን ከፊት አድርገን ሄድን። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አድርጎ አይቶ፣ ይለፉን ሰጣት። ሰኞ አጋሮ ገባች። ሶፊያ የወለደችው ማክሰኞ ነው፣ ሴት ልጅ፣ እናቷ እጇን ይዛት። እነሆ ሁሉም በሰላም አለፈ፤ ከዚህ ሁሉ ግን እኔ ልቤ ያረፈው በዚያች ሰዓት፣ በክቡ መሃል ነው።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። የያዘውን ወረቀት አላየም፣ ዘይነባን አያት።

«ሰው መቁጠር ሲገባኝ ቅርጫት ቆጠርኩ» አለ። «ዘይነባ አልኮበለለችም። እኛ ነን ጥለናት የሄድነው።»